የጠመንጃ ማርሚታ

«ጋሼ፣ የጠመንጃ ድምፅ የሚያፍን ነገር አለ! አፈሙዙ ላይ ይጠመዘዛል፤ ቢተኮስ ጎረቤት አይሰማም» አለኝ የእህቴ ልጅ፤ ከፍኖተ ሰላም መጥቶ ቡሬ እኔ ቤት ባደረ ማግስት፣ ገና የመጀመሪያው ቡና ሳይቀዳ፣ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቅኖ።

«ጎረቤት እንዳይሰማው የምትፈልገው ምን ሥራ አለህ?»

ዝም አለ። ዝም ባለ ሰው ላይ ተረብ አይደገምም፤ ስልኩን ተቀብዬ ማየት ጀመርኩ።

አንድ ፈረንጅ ከጠመንጃው አፍ ላይ ጥቁር ቱቦ ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ቱቦውን ሲከፍተው መሃላቸው የተበሳ፣ እንደ ሲኒ የተደራረቡ ብረቶች ወጡ። አንዱን አንሥቶ በብሩሽ ሲፈገፍገው ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዱቄት ረገፈ። ባለቤቴ ጀበናውን እንደያዘች በትከሻዬ ላይ አየት አድርጋ «ይሄማ የማድ ቤቴ ጥቀርሻ ነው» አለች። ልክ ናት። ባሩድ ሲነድ የሚተወው ጥላሸት ነው። ከማድ ቤቱ የሚለየው እርሳስና መዳብ ስለተቀላቀለበት ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

«እኔ ዘመናዊ መሣሪያ ሳሳያችሁ እናንተ ጥቀርሻ ትላላችሁ!» አለ ልጁ ቅር ብሎት።

«ማርሚታ ነው ልጄ። መኪና ሥር ተንጠልጥሎ የምታየው ማርሚታ።»

የቀለድኩበት መሰለው። አልቀለድኩም። ማርሚታው የተቀደደ አይሱዙ በነቀምት መንገድ ወደ ቡሬ ሲገባ ገና ሳይታይ ነው ሰው ጆሮውን የሚይዘው። ማርሚታው ሲበየድለት ያው ሞተር ይለሰልሳል። ከሞተሩ የሚፈነዳው ጋዝ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ከመወርወር ይልቅ በክፍልፍሉ ቆርቆሮ ውስጥ ተሽከርክሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ጉልበቱ ደክሞ ይወጣል። የጠመንጃውም ማፈኛ እንዲሁ ነው። ጥይቱ በቀዳዳዎቹ መሃል ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ተከትሎት የመጣው የባሩድ ጋዝ በየክፍሉ እየተያዘ ይበርዳል። ለገበያ የበቃውን የመጀመሪያ ማፈኛ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት ያገኘበት አሜሪካዊው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ለሞተርም ማርሚታ ሠርቷል። ሁለቱ ዕቃዎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

የሰውዬውን አባት ደግሞ እወቀው። ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1884 በገዛ ግፊቱ እየጎረሰ የሚተኩሰውን መትረየስ የሠራ ሰው ነው። መትረየሱ ዓለምን ዞረ፤ አባትየው ግን በገዛ መሣሪያው ጩኸት ክፉኛ ደነቆረ። አባት ጆሮውን ያጣበትን ጩኸት ልጅ ሊያፍነው ተነሣ።

«እሺ፣ እና ዝም ያሰኛል ማለት ነው?»

«አያሰኝም።»

የጠመንጃ ተኩስ ከ150 እስከ 170 ዴሲቤል ይደርሳል። ጥሩ ማፈኛ ከዚህ ላይ 20 ወይም 30 ዴሲቤል ይቀንሳል። ትልቅ ነገር ነው፤ ተኳሹን ከመደንቆር ሊያተርፈው ይችላል። ነገር ግን የተረፈው ጩኸት ጎረቤትን ከእንቅልፍ ያስነሣል። በዚያ ላይ የክላሽ ጥይት በሰከንድ 700 ሜትር ያህል እየበረረ ነው የሚወጣው፤ ድምፅ የሚሄደው በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ድምፅን ቀድሞ የሚሄድ ነገር አየሩን ይሰነጥቀዋል። እረኛ ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮኽ «ጧ!» የሚለው የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። ጥይትም ከድምፅ እስከፈጠነ ድረስ ጅራፍ እያጮኸ ነው የሚሄደው። ይህን ጩኸት አፈሙዝ ላይ የተገጠመ ቱቦ አይደርስበትም፤ ጥይቱ ቱቦውን ጥሎት ሄዷል።

«ታዲያ ፈረንጆቹ ለምን ይገዙታል?»

ይህች ጥሩ ጥያቄ ናት። ፊንላንድና ኖርዌይ ውስጥ አዳኝ ማፈኛ የሚገጥመው ጆሮውንና የውሻውን ጆሮ ለማዳን ነው፤ እንደ ጆሮ መሸፈኛ ነው የሚያዩት። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በሕግ እንዲመዘገብ አድርጋለች። የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው። ጎጃም ገጠር ውስጥ ጥይት መልእክት ነው። ሰው ሲሞት ይተኮሳል፣ ሙሽራ ሲገባ ይተኮሳል፣ ሌባ በረት ሲሰብር ይተኮሳል፤ የሰማ ሁሉ «የት ነው? ምን ሆኑ?» ብሎ ይወጣል። ጎረቤት እንዳይሰማ የሚተኮስ ጥይት የሚበጀው ለማን ነው? ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን በጦርነት ውስጥ ነው። የሰፈራችን ሕፃናት ቆጠራ ሳይለምዱ የመሣሪያ ድምፅ መለየት ለምደዋል። በዚህ ላይ የማይሰማ ጥይት አልመኝም፤ የእህቴ ልጅም እንዳይመኝ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

«እኔ እኮ የወደድኩት አጠባበቁን ነው» አለኝ ለስለስ ብሎ። «እያንዳንዷን ብረት ፈታታ፣ አጠበ፣ አደረቀ፣ መልሶ ገጠመ።»

«ጎሽ! የአባትህ ክላሽ ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበው መቼ ነው?»

«ለጥምቀት ተተኩሶበታል።»

«መቼ ተተኮሰ አላልኩህም።»

ልጁ መልስ አጣ፤ እኔም የምፈልገው ቦታ ደረስኩ። እዚህ አገር ለጠመንጃ ያልተፎከረ የለም። ከፈረንሳዩ ውጅግራ እስከ ምንሽር፣ ከምንሽር እስከ ክላሽ፣ ሽለላው ሞልቷል። ጨርቅና ዘይት የያዘ እጅ ግን ጥቂት ነው።

አያቴ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር። በ1933 የካቲት መጨረሻ የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ አያቴ ጎረምሳ ነበር። የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጌዲዮን ጦር በቁጥር ከጣሊያኑ በጣም ያነሰ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት እየተጠጋ በጥቂት ሰው መትቶ እየተሰወረ ነው ያስደነበረው። አያቴ ከዚያ ዘመን የተረፈውን ምንሽር እስኪሞት አልለየውም። አንዲት ጥይት እንኳ ከተኮሰ ማታውኑ ውሃ ያስጥድ ነበር።

አጠባበቁ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። መጀመሪያ እኛን ልጆቹን ከቤት ያስወጣል፤ እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። ጥይቶቹን አውጥቶ ሙዳይ ውስጥ ይከትና ለሴት አያቴ ይሰጣል፤ እርሷ ወደ ጓዳ ትወስዳለች። መቀርቀሪያውን ስቦ ያወጣዋል። ትንሿን ጣቱን ጥይት መጉረሻው ውስጥ ከትቶ ይዳስሳል፤ ዓይኑን አያምንም ነበር። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ታች ደፍቶ፣ እንጨቱን በአሮጌ ጋቢ ሸፍኖ፣ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ከኋላ በኩል ያንቆረቁራል። በአፈሙዙ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ቀለም ይመስላል፣ ቀጥሎ አመድማ ይሆናል፣ በሦስተኛው ይጠራል። ብረቱ ስለሚግል ውሃው ወዲያው ይደርቃል። ከዚያ ነጭ የነጠላ ቁራጭ በዘንግ ይሰድዳል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አይቆምም። በመጨረሻ አፈሙዙን ወደ መብራት አዙሮ በኋላ በኩል ይመለከትና «በራ» ይላል። ውስጡ ያለው ጠምዛዛ ሸንተረር እንደ መስታወት ሲያበራ ማለቱ ነው።

ልጅ ሆኜ «ብረት በውሃ ይታጠባል? አይዝግም?» እል ነበር። መልሱን ያገኘሁት ካደግኩ በኋላ ነው። በቀለሁ ቂጥ ላይ መርፌው ሲመታት እሳት የምትጭረው ትንሽ ክፍል በድሮው ጥይት ውስጥ ጨው ትተዋለች። በሶቪየት ዘመን የተሠራው አብዛኛው የክላሽ ጥይትም እንዲሁ ነው። ክረምት ላይ የማድ ቤት ጨው ሲያለቅስ አይታችሁ የለ? ያኛውም የጨው ዘመድ ነው፤ ከአየሩ ርጥበት ስቦ ብረቱ ላይ ያለቅሳል፣ ብረቱ ይዝጋል። ዘይት ጨው አያሟሟም። ውሃ ግን ያሟሟል። ስለዚህ ተኩሶ ሳያጥብ ዘይት የሚቀባ ሰው ጨውን ከዘይት በታች አኑሮ ነው የሚተኛው። ያውም በቡሬ ክረምት፣ ሰማዩ ከሰኔ እስከ መስከረም ሳይዘጋ።

ይህን ስናወራ ጎረቤታችን ለሁለተኛው ቡና ገቡ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ በነገር ግን አልተዋቸውም፣ እርሳቸውም አይተዉኝም።

«እኔ ጠመንጃዬን የማየው እንደ ልጄ ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«አያ፣ ልጅዎን በዓመት አንዴ ነው የሚያጥቡት?»

«ቅቤ እቀባዋለሁ።»

«ቅቤ ለጠጉር ነው። ብረት ላይ ሲከርም ይቆመጥጣል፤ የቆመጠጠ ነገር ብረት ይበላል።»

«እሺ የኑግ ዘይት።»

«ወጥ ይሥሩበት። ኑግ አየር ሲያገኘው ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። መቀርቀሪያው አልሳብ ሲል ጠመንጃው አረጀ ይላሉ፤ ያረጀው ዘይቱ ነው።»

«ጋራዥ የሚጥለውን ዘይት ሲቀቡ አይቻለሁ።»

«መኪናው ቆሻሻና የብረት ብናኝ አለበት ብሎ የተፋውን?»

«አንተ ልጅ፣ ታዲያ በምን ልቀባው?»

«ልብስ ሰፊው ዘንድ ይሂዱ። የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ነው፣ አይሙጭም፣ አይቆመጥጥም። ጨርቅ ላይ ሁለት ጠብታ። ሲተኩሱ ደግሞ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ውስጡን ይጥረጉት።»

ሽማግሌው ሁለተኛውን ቡና ጠጡና ዞሩብኝ። «አባቶቻችን ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ ነው የተዋጉት!»

«አውቃለሁ አያ። አያቴን ለምሳ ስጠራው ሦስት ጊዜ እጮህ ነበር።»

በዚህ ላይ ማንም አልሳቀም፤ እኔም እንዲሳቅ አላልኩትም። አያቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የቅዳሴውን ዜማ መስማት አልቻለም፤ በእርሱ ዘንድ ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም። ጆሮ ውስጥ ያሉት የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም፣ መድኃኒትም የላቸውም። ከ140 ዴሲቤል በላይ የሆነ አንድ ተኩስ ብቻ ሊገድላቸው ይችላል። ሠርግ ላይ ከዳሱ ደጃፍ ክላሽ ወደ ሰማይ የሚያርከፈክፍ ሰው አጠገቡ የቆመውን የአምስት ዓመት ልጅ ጆሮ እየበላ ነው። ወደ ሰማይ የሄደው ጥይትም እዚያ አያድርም፤ የሰው አናት ለመብሳት በሚበቃ ፍጥነት ተመልሶ ይወርዳል። «ደስታ ነው» የሚለኝን ሁሉ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ የሚወርደው ጥይት የማን ግቢ እንደሚያርፍ ታውቃለህ?

ማፈኛ የለህም እንጂ ጆሮ መሸፈኛ አለህ። ጥጥ አይበቃም፤ ስፖንጁ የጆሮ መድፈኛ ግን ይረዳል። እርሱም ከጠፋ ልጆቹን አርቅ። ከሁሉ የሚበልጠው አለመተኮስ ነው።

ወደ ጥቀርሻው ልመለስ ብያለሁ። የእህቴ ልጅ ያየው ፈረንጅ በጥንቃቄ የሚያጥበው ያለ ምክንያት አይደለም። ማፈኛ ጋዙን ስለሚይዝ ከፊሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ጠመንጃው ሆድና ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል፤ ጠመንጃው ከወትሮው ፈጥኖ ይቆሽሻል። በተለይ የመዳብ ልባስ የሌለውን ትንሹን ጥይት የሚተኩሱ ሰዎች ማፈኛቸው ውስጥ እርሳስ እንደ ሰም ይጋገራል፤ ካልፈታቱ ክብደቱ ይጨምራል፣ ቀዳዳው ይጠባል። አንዳንዱ ያንን እርሳስ ኮምጣጤን ከሌላ መድኃኒት ጋር ቀላቅሎ ያሟሟዋል። የሚወጣው ውሃ የተሟሟ እርሳስ ነው። በቆዳ ይገባል፣ መሬት ላይ ቢደፋ አፈሩን ይመርዛል፣ ከአልሙኒየም የተሠራውን ማፈኛም ራሱን ይበላዋል።

ማፈኛ ለሌለን ለእኛ ይህ ምናችን ነው? ያው ጥቀርሻ በክላሻችን ሆድም አለ። ክላሽ የሚወለወለው የት ነው? መደብ ላይ፣ ቡና በሚጠጣበት፣ ሕፃን በሚድህበት። ጨርቁስ? ዕቃ የሚወለወልበት። እጁስ? በዚያው ወደ እንጀራ። እርሳስ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ስለዚህ ውጭ፣ ጥላ ሥር ወልውል፤ በደረቁ አትፈግፍግ፣ ብናኙን ትተነፍሰዋለህና። ጨርቁን በፌስታል ቋጥረህ ጣለው እንጂ አታጥበው። እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ ልጅህን አትንካ።

አንድ ነገር ልጁን እጁን ይዤ አስተማርኩት፤ አንተም እጅህን ስጠኝ። ክላሽ ከመፈታቱ በፊት ካዝናው ይነቀላል። መጀመሪያ ካዝናው! ቀጥሎ ማቀባበያው ይሳባል፣ ውስጡ ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል። ተገላቢጦሽ ያደረገው ሰው፣ ካዝናው እንደተሰካ የሳበው፣ ጥይት አወጣሁ ሲል ሌላ ጥይት አጉርሷል። «ባዶ ነው» ተብሎ ሰው የገደለ ጠመንጃ ብዙ ነው።

ሰደፉን ደግሞ አይተኸው ታውቃለህ? ከኋላው ትንሽ ክዳን አለች፤ በጣት ስትገፋ ተወርውራ የምትወጣ የቆርቆሮ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጣለች። ብሩሹ፣ መፍቻው፣ የጨርቅ መያዣው እዚያ ውስጥ ነው፤ ዘንጉ ከአፈሙዙ ሥር ተሰክቷል። የእህቴ ልጅ ማታ አባቱ ዘንድ ደውሎ ሰደፉን አስከፈተው። ብልቃጧ የለችም። ብልቃጧ በነበረችበት ጉድጓድ ውስጥ ሸረሪት አድርታለች።

ለክረምት ብሎ አፈሙዙን በጨርቅ የሚወትፈውን ሰው ሳላነሣ አላበቃም። ልጅ ሆኜ አንድ የሰፈራችን ሰው እንዲሁ ወትፎ ረሳው። ሌሊት ጅብ በረት ሲገባ ብድግ ብሎ ተኮሰ። ጠዋት ያየሁት አፈሙዝ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሽልጦ ነበር፤ ሰውዬው በግራ እጁ ሦስት ጣት አልነበረውም። ከተበጣጠሰ ማርሚታ ቆርጠው ማፈኛ እንሠራለን የሚሉ ጎረምሶች ካሉ ይህን ይስሙ፦ ጥይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ በፀጉር ያህል ከጠመመ ጥይቱ ብረቱን ይመታል፤ የሚበረው ቁራጭ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ጠመንጃ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም አለ፤ ከሕጉ በፊት ግን ጣትህን ነው የምለምንህ።

እና አንተ ምንሽርህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው፣ አንተ ክላሽህ ከአልጋ ሥር ያለው፣ ዛሬ ወደ ውጭ አውጣው። ልጆቹን አርቅ። ካዝናውን ንቀል፣ ስበህ ዳስስ፣ ጥይቱን ለባለቤትህ ስጥና ሌላ ክፍል ትቆልፍበት። ውሃ ጣድ። ከአፈሙዙ የሚወጣው ውሃ ምን ቀለም እንዳለው ራስህ እየው።